የጋሽ ደምሴ ጆሮና የእኔ ግልባጭ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ወደ መሃል ላይ መንግሥትን ሳማ፣ ኢንተርኔትን ስራገም ታገኙኛላችሁና «ይሄ ሰውዬ በራሱ ላይ አንድ ቀን እንኳ አይፈርድም?» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ፈርጄበታለሁ። ይግባኝም አልጠየቅሁም።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የካ ውስጥ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ይኸው ይበቃችኋል። መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው አንድ በሽታ ይይዘዋል። የእኔ በሽታ ግልባጭ ነው። ደብዳቤ ሲጻፍ ከታች በግራ በኩል «ግልባጭ» ይባልና ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ ሁሉ ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም ቅጂው ይደርሳቸዋል። ለእኔ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ሱሪ ሳይታጠቅ አደባባይ የወጣ ሰው ነው። ለዕድር ድንኳን እንኳ ስጽፍ ለሦስት ቦታ ግልባጭ አደርጋለሁ። የሰፈር ሰው «የእሱ ደብዳቤ ክብደት አለው» ይለኛል። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ደምሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ቤታቸው እንጦጦ ማርያም ሳይደረስ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ስወጣ ነፍሴ አፌ ላይ ትደርሳለች። ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን የጨረሱት ካራ ሰፈር፣ ድንጋይ ካባ ላይ ነው። ድማሚት የሚቀብሩት፣ ገመዱን የሚለኩሱት፣ «ዞር በሉ!» ብለው የሚጮሁት እሳቸው ነበሩ። ሰው ሁሉ ዞር ሲል የመጨረሻው ሰው መሆናቸው ነው ጉዳቱ። ድንጋዩ የከተማው ቤት መሠረት ሆነ፤ ድምፁ ግን እሳቸው ጆሮ ውስጥ ቀረ። ጡረታ ሲወጡ ቀኙ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ግራው ካልጮሁበት አይሰማም።

ይሄ ለእኛ ችግር አልነበረም፤ እንጮሃለን። ችግሩ የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ ድሮም ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ በዚያ ላይ ልባቸውን ያማቸዋል። አንድ ነገር ለባላቸው ጮኸው ከተናገሩ ደረታቸውን ይዘው በርጩማ ላይ ቁጭ ይሉና ትንፋሻቸውን ይፈልጋሉ። ሐኪሙ መጮህ ከለከላቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። አርባ ዓመት ሲጨዋወቱ የኖሩ ባልና ሚስት በእጅ ምልክት መኖር ጀመሩ፤ ምግብ ቀርቧል፣ ዝናብ መጣ፣ በሩ ይዘጋ። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም።

አንድ እሁድ ጋሽ ደምሴ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና፣ ሹክ ያሉኝ መስሏቸው ተራራው እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «ያቺ ሴትዮ ተቀይማኛለች እንዴ? ምንም አትነግረኝም እኮ!» አሉኝ። እትዬ አስካለ ከቤት ውስጥ ሰምተው ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንጀቴን በሉት። እዚያው ግቢው መሃል ቆሜ፣ «የጆሮ መስሚያ አመጣለሁ! ለገና ትጫወታላችሁ!» ብዬ ፎከርኩ።

እዚሁ ከተማ ሐኪም ቤት ስጠይቅ ወረፋ አለው፣ ስምህን አስመዝግብና ጠብቅ አሉኝ። እኔ? በዚህ በሠለጠነ ዘመን? ወረፋ? ንቄ ወጣሁ። ስሜን እንኳ አላስመዘገብኩም።

መገናኛ አካባቢ አንዲት ሜሪ የምትባል ልጅ የምትሠራበት ኢንተርኔት ቤት አለ። ባለቤቴ የምታዝንልኝ በዚህ ቤት የተነሳ ነው። ከዚህ በፊት ከዚያው ኢንተርኔት የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አዝዤ ነበር። መጣ፣ አሠርኩት፣ «ልብዎ ጤነኛ ነው» አለኝ። ኮራሁ። ባለቤቴ ደግሞ ዝም ብላ ከእጄ ፈታችውና ለቁርስ በቀረበው ድፎ ዳቦ ላይ አስቀመጠችው። ዳቦውም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ምክር ነው ሰው የሚጠብቀው? እኔ ግን አልተመከርኩም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሪቪው፣ የገዙት ሰዎች ያሉትን፣ ያንብቡ» አለችኝ ሜሪ። «ሻጩ ሁሌ ያጋንናል።»

«ፎቶውን አታይም እንዴ?» አልኳት። ፎቶው ላይ ሽበታም ፈረንጅ በጥርሱ ሁሉ ይስቃል። ግድግዳው ማዶ ሚስቱ አፏን በእጇ ከልላ ታንሾካሹካለች። ከሥሩ «ሹክሹክታን ከግድግዳ ማዶ ይስሙ! ከእንግዲህ የማይሰሙት ነገር አይኖርም!» ይላል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ አጠገቡ የሚስቅ ሰው አለው፤ ዕቃው ከመጣ በኋላ ያ ሰው የት እንደሚገባ አይታወቅም። ሜሪ ትከሻዋን ነቀነቀችና «አድ ቱ ካርት ልበለው፣ ልዘዘው?» አለች። «በይው!» አልኩ። ዱባይ የምትሠራው የባለቤቴ እህት በካርዷ ከፈለችልኝ።

ዕቃው በኅዳር ደረሰ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚፈተሽበት ቦታ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት (ዕድሜዋን ያርዝመው፣ እሷ ጥፋት የለባትም) ጥቅሉን ከፈተች፣ ያቺን የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር አየች፣ ፈገግ አለች።

«የታማሚ ነው አይደል? አባትዎ ናቸው?»

«እንደ አባቴ ናቸው።»

«አንድ አጭር ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ለመስማት የተቸገሩ ሰው ነው ይበሉ፣ በቃ። ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል።»

አንድ አጭር ማመልከቻ! ነገ ጠዋት! እስኪ አሁን እኔን ስሙኝ። እዚያው ቆሜ በእጄ ጽፌ ብሰጣት ኖሮ ይሄ ወግ አይኖርም ነበር። እኔ ግን «አጭር» የሚለው ቃል አናደደኝ። መዝገብ ቤት ያረጀሁት ለዚህ ነው? ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ፣ ሁለት ቀን ወሰደብኝ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ።

የዕቃውን ጥቅም ሳብራራ የሻጩን ማስታወቂያ በቢሮ አማርኛ አሳመርኩት። «በተፈጥሮ ጆሮ ሊደረስባቸው የማይችሉ ሹክሹክታዎችን ከግድግዳ ማዶ ሳይቀር አጥርቶ የማሰማት ከፍተኛ አቅም ያለው» አልኩ። ጋሽ ደምሴ የሚኖሩበት ቦታ ሩቅ መሆኑን ለማስረዳት «መላ ከተማውን ቁልቁል ማየት በሚቻልበት ከፍተኛ ስፍራ» አልኩ። ባለውለታ መሆናቸው እንዲታወቅም «በድማሚት አፈነዳድ የካበተ የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው» አልኩ። ሦስቱንም አንድ ላይ አንብቧቸው እስቲ። እኔ ስጽፈው አንድም ነገር አልታየኝም። እንዲያውም ደግሜ አንብቤ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩና ግልባጭ፦ አልኩ። ለሰባት። ጤና ስላለበት ለጤና፣ ሞገድ ቢኖረው ብዬ ሞገድ ለሚቆጣጠሩት፣ ጸጥታ የሁሉም መሠረት ነውና ለጸጥታ፣ ቤቱ ታሪካዊ ቦታ አጠገብ ነውና ለቅርስ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነውና ለደን፤ የቀሩትን ሁለቱን ለማን እንዳደረግሁ አሁን ማስታወስ ያሳፍረኛል። ሰባቱንም በእግሬ ዞሬ አደልኩ። በእያንዳንዱ ቦታ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ሲመታልኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

በመጨረሻ ዋናውን ለመስኮቷ ሴት ወሰድኩላት። አነበበች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ምነው? ይሄን ሁሉ ማን አዘዘዎት?»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

«ግልባጩ ሄዷል?»

«ሁሉም ገቢ ሆኗል!» አልኳት፣ ፈገግ ብዬ።

ጥቅሉን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲህ የሁሉም መልስ እስኪመጣ መስጠት አልችልም። ወይኔ ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው?» አለች። ይሄኔ ነው ወሽመጤ ብጥስ ያለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግልባጭ የደረሰው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ደብዳቤው ለእሱ ካልተጻፈ አይመለከተኝም ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ይሄ በሰላሙ ጊዜ ነው። «ሹክሹክታ»፣ «ከተማውን ቁልቁል» እና «ድማሚት» በአንድ ገጽ ላይ ካሉ ግን ማንም አይተወውም። ሁሉም መዝገብ ከፈተ። አንዱ የሐኪም ወረቀት አለኝ፤ አመጣሁ። አንዱ ሞገዱ ስንት ነው አለኝ፤ ባትሪው የባቄላ ግማሽ አያክልም ብለው ማን ይስማኝ። የደኑ ሰው ባትሪው ሲያልቅ ባሕር ዛፍ ሥር እንደማይጣል በጽሑፍ አስፈረመኝ። የቅርሱ ደግሞ ጋሽ ደምሴ ዕቃውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በታሪካዊው አጥር በኩል ያልፋሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያልፋሉ፣ ጠበላቸው በዚያ በኩል ነው አልኩ። ይህንንም ጻፈው።

በሩ ላይ ታፔላ የሌለው ቢሮም ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ደብዳቤ ብቻ ነበረ፣ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። ሰውዬው በጣም ጨዋ ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ወንድሜ፣ ግድግዳው የማን ነው?» አለኝ።

«የቱ ግድግዳ?»

«ከማዶው የሚሰማው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ያ የሻጩ ማስታወቂያ ነው፤ ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ማንም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው እያወቅህ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሸት ጻፍህ ማለት ነው።» ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። እውነት ነው ብል ሰላይ ልሆን ነው፣ ውሸት ነው ብል አታላይ ልሆን ነው። ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁትና ምላሴ ተቃጠለ።

ገና አለፈ። ጋሽ ደምሴ በሄድኩ ቁጥር እጄን ያያሉ። ባዶ መሆኑን ሲያዩ በእጃቸው «ግድ የለም» ይሉኛል። እኔም ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ፤ በየሳምንቱ መሄዱን በየወሩ አደረግሁት። ያን የናቅሁት የሐኪም ቤት ወረፋ ቢሆን ኖሮ በጥር ይደርሰኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

የካቲት ላይ ጉዳዩ እታች ወርዶ ይጣራ ተባለና አቶ ግርማ መጡ። አቶ ግርማ የዚያ ሰፈር የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ናቸው። ለማያውቀው፣ አምስት አምስት እያደረጉ ሰዉን የሚያደራጁና ማን ምን አለ የሚለውን የሚይዙ ማለት ነው። ደብተራቸውን ይዘው ግቢ ገቡ። እኔ ነበርኩ፣ እትዬ አስካለም አጠገባችን በርጩማቸው ላይ ነበሩ።

«አቶ ደምሴ፣ ማንን ለማዳመጥ ፈልገው ነው?» አሉ በትሕትና።

«እ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ማንን ለማዳመጥ ፈልገው ነው?»

«እእ?»

አቶ ግርማ ተነሱ፣ አፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደቅነው ባለ በሌለ ኃይላቸው «ማንን! ለማዳመጥ! ፈልገው! ነው!» ብለው ጮኹ። የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ። በምስጢር ይጣራ የተባለው ጉዳይ እንጦጦን አዳረሰ። ውሻ ጮኸ። አንዲት ሴት ከአጥር ማዶ «ምን ሆናችኋል?» አለች።

ጋሽ ደምሴ ገባቸው። «ማንን ነው የምትለኝ? አስካለን ነዋ!» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ዘርግተው። «ሌላውማ በቅቶኛል።»

እትዬ አስካለ እንደ ልጃገረድ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ግርማ ግን ጽፈውታል፤ «የሚደመጠው ግለሰብ፦ አስካለ የተባሉ።»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ወጣ። የሚደመጡት ግለሰብ ለመደመጥ የተስማሙበት፣ የጣት አሻራ ያረፈበት ፈቃድ ይቅረብ ይላል። ስቄ ስቄ ባለቤቴ ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጻፍኩት እንጂ! «ባለቤቴ አቶ ደምሴ እኔን እንዲሰሙኝ ያለማንም አስገዳጅነት ፈቅጃለሁ» የሚል፣ ከግልባጭ ጋር። የማኅተም ቀለም ከቢሮ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

እትዬ አስካለ በዚያ ሰሞን ደክመዋል፤ አልጋ ላይ ነበሩ። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩና ቆም አሉ።

«ይሄ ደግሞ ለስንት ሰው ነው የሚታደለው?»

«ለሰባት» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ጉድ እኮ ነው! እሱ ብቻ ይስማኝ ብል ሰባት ሰው ትጨምርብኛለህ?» ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሳል ሆነባቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ጠጋ በል አሉኝ። «ለእሱ የምነግረው አንድ ነገር አለኝ። ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ መሰለህ።»

«ለእኔ ይንገሩኝና እኔ ልጩህላቸው?»

«በጩኸት የሚነገር አይደለም፣ ልጄ።»

«ልጻፈው ታዲያ? ማንበብ ይችላሉ እኮ።»

ቀለም የነካውን ጣታቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አንተማ ግልባጭ ታደርገዋለህ» አሉኝ። «ግድ የለም፣ ዕቃው ሲመጣ እኔው በጆሮው እነግረዋለሁ።» በሩ ላይ ቆመው ለሚያዩን ጋሽ ደምሴም ጆሯቸውን ነክተው፣ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው «ቆይ» አሏቸው። ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ «አይ፣ አሁኑኑ ይንገሩኝ፣ እምላለሁ ለማንም አልሰጥም» ብል ምን ነበረበት? ወረቀቱ እንዳይታጠፍ ነበር የተጨነቅሁት። አቃፊ ውስጥ አድርጌው ወረድኩ።

እትዬ አስካለ በግንቦት አረፉ። ከዕድሩ ሰዎች አንዱ እንደ ልማዱ ለድንኳኑ ደብዳቤ ጻፍ አለኝ። እስክሪብቶ ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ ሰው በሁለት መስመር ጻፈው። ድንኳኑም መጣ፣ ምንም አልጎደለም።

በሰኔ ደግሞ ፈቃዱ ጊዜው ስላለፈበት በአዲስ አሻራ ይታደስ የሚል መጣልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር መልስ ጻፍኩ። «ሞተዋል» አልኩ። ሐምሌ ሲገባ ውሳኔው ወጣ። ቃል በቃል ላንብብላችሁ፦ «የሚደመጡት ግለሰብ በሕይወት የሌሉ በመሆናቸው ከዕቃው አጠቃቀም ጋር ተያይዞ የነበረው ስጋት ስለተወገደ ዕቃው ለተጠቃሚው እንዲሰጥ ተወስኗል። ሆኖም ምን እንደተሰማበት በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይቅረብ።» የመስኮቷ ሴት ፊቴን አይታ ጥቅሉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

በዝናብ ዳገቱን ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ የእትዬ አስካለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያችን የባቄላ ፍሬ ግራ ጆሯቸው ውስጥ አስገባሁላቸው። ባትሪዋን አስተካከልኩ። «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አልኩ።

ደንገጥ ብለው ጆሯቸውን ያዙ። «አትጩህብኝ» አሉኝ።

ለካ እየጮህኩ ነበር። እሳቸው አዳመጡ። ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል። ዕቃው ይሠራል፤ ሻጩ በዚህ እንኳ አልዋሸም። ለብዙ ጊዜ ወደ ጓዳው በር ሲያዩ ቆዩና በዚያ በማላውቀው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አስካለ ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ላንተም አልነገረችህም?»

«አልነገሩኝም።»

ዕቃዋን ከጆሯቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት፣ ከዚያ መልሰው ከተቷት። «ምናልባት» አሉ። አሁን ከሰዓት በኋላ በሄድኩ ቁጥር አድርገዋት ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ወሬ ስጀምር «ቆይ» ይሉኛል፣ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው።

ሪፖርቱን በመስከረም መጨረሻ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «በሩብ ዓመቱ የተሰሙ፤ ዝናብ፣ የባሕር ዛፍ ነፋስ፣ የእንጦጦ ማርያም ደወል፣ የጎረቤት ውሻ። ሊሰማ ታስቦ ያልተሰማ፤ አንድ።» ከዚያ በልማዴ ከታች በግራ በኩል «ግልባጭ፦» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ለማሰብ ሞከርኩ። ከመጀመሪያውም ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቃሉን ሰረዝኩትና ፈረምኩ።